ከአልጀብራ 1 እስከ ካልኩለስ፦ የልጅዎን የሒሳብ መንገድ ከምዝገባው ቀን ጀምሮ መያዝ

ልጅዎን ከአዲስ አበባ ወይም ከጎንደር አምጥተው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያ ወይም አትላንታ አካባቢ ባለ ሃይስኩል ሲያስመዘግቡ፣ በመጨረሻ በሚሰጥዎ ፕሮግራም ላይ አንድ መስመር አለ፤ የሒሳብ ኮርሱ ስም። ብዙ ወላጅ ያቺን መስመር ሳያያት ይፈርማል። ክትባቱ፣ አውቶቡሱ፣ የአድራሻ ማስረጃው፣ የእንግሊዝኛ ፈተናው ሁሉ በአንድ ሳምንት ስለሚደራረብ አይፈረድበትም። ነገር ግን ልጁ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የትኛው ሒሳብ ላይ እንደሚደርስ በአብዛኛው የምትወስነው ያቺው መስመር ናት። ኢንጂነሪንግ ወይም ኮምፒውተር ሳይንስ ለማጥናት ሲያመለክት ዩኒቨርሲቲው መጀመሪያ ከሚያያቸው ነገሮች አንዱም እሱ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሒሳብ ከክፍሉ ጋር ይሄዳል። አሥረኛ ክፍል የገባ ሁሉ የአሥረኛ ክፍል ሒሳብ ይማራል፤ አልጀብራውም ጂኦሜትሪውም ትሪጎኖሜትሪውም በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ነው። አሜሪካ ውስጥ ክፍልና ሒሳብ ለየብቻ ይጓዛሉ። በአንድ የአልጀብራ 2 ክፍል ውስጥ የዘጠነኛ፣ የአሥረኛና የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ጎን ለጎን ሊቀመጡ ይችላሉ። ስለዚህ “ልጄ ስንተኛ ክፍል ገባ?” ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ “የትኛው ሒሳብ ውስጥ ገባ?” ብለው ይጠይቁ።

1. ቅደም ተከተሉን በቃልዎ ይያዙ

በአብዛኞቹ ስቴቶች መንገዱ እንዲህ ነው፦ አልጀብራ 1፣ ጂኦሜትሪ፣ አልጀብራ 2፣ ፕሪካልኩለስ፣ ካልኩለስ። አልጀብራ 1 እኩሌታዎችን፣ የቀጥታ መስመር ግራፎችንና ኳድራቲክን ያስተምራል። ጂኦሜትሪ ቅርጾችንና ማረጋገጫ መጻፍን ይይዛል። አልጀብራ 2 ወደ ፖሊኖሚያል፣ ሎጋሪዝምና ኮምፕሌክስ ቁጥሮች ያልፋል። ፕሪካልኩለስ ደግሞ ትሪጎኖሜትሪውን አጠንክሮ ለካልኩለስ ያዘጋጃል። ኖርዝ ካሮላይናና ዩታ ውስጥ እነዚህ ተቀላቅለው ማዝ 1፣ ማዝ 2፣ ማዝ 3 በሚል ስም ይሰጣሉ። ይህ ለኢትዮጵያው አሠራር የቀረበ ስለሆነ ከዚያ ለመጣ ልጅ ይቀልለዋል።

አሁን ይቁጠሩ። ኮርሶቹ አምስት ናቸው፤ የሃይስኩል ዓመታት አራት። ዘጠነኛ ክፍል ላይ አልጀብራ 1 የጀመረ ልጅ በየዓመቱ አንድ አንድ ከወሰደ አሥራ ሁለተኛን የሚጨርሰው በፕሪካልኩለስ ነው። ካልኩለስ የሚደርሰው አልጀብራ 1ን ስምንተኛ ክፍል ላይ የጨረሰው ወይም በመሃል ባለ አንድ ዓመት ሁለት ኮርስ ደርቦ የወሰደው ነው። ይህን ቁጥር አስቀድሞ የሚያውቅ ወላጅ የሚጠይቀውን ያውቃል።

2. ከአገር ቤት የሚያመጡትን ማስረጃ ለማያውቀው ሰው እንዲገባ አድርገው ያዘጋጁ

የልጅዎ ትራንስክሪፕት ላይ የተጻፈው “ማቴማቲክስ” ብቻ ነው። ወረቀቱን የሚያየው ካውንስለር (የትምህርት ቤቱ አማካሪ) ደግሞ የአሥረኛ ክፍል ሒሳባችን ውስጥ ምን እንዳለ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። በማያውቀው ነገር ላይ ሲወስን ከታች ማስጀመር ይቀናዋል። ይህን ማስቀረት የሚቻለው እርስዎ ይዘቱን ሲያሳዩት ነው።

የትምህርት ሚኒስቴርን የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል የሒሳብ መጻሕፍት ማውጫ ገጾች ያትሙ። መጻሕፍቱ የተጻፉት በእንግሊዝኛ ስለሆነ ትርጉም አያስፈልጋቸውም። ዘጠነኛ ላይ እኩሌታዎች፣ ኢንኢኳሊቲ፣ የቅርጾች መመሳሰልና ስታቲስቲክስ አሉ። አሥረኛ ላይ የፖሊኖሚያል፣ የኤክስፖኔንሻልና የሎጋሪዝም ፈንክሽኖች፣ ትሪጎኖሜትሪና ኮኦርዲኔት ጂኦሜትሪ አሉ። ይህን ማውጫ ያየ የሒሳብ መምህር፣ አሥረኛን በደንብ የጨረሰ ልጅ አልጀብራ 1ን ማለፉንና የአልጀብራ 2ን ሰፊ ክፍል መንካቱን ወዲያው ይረዳል።

ሁለተኛው ነገር ዓመተ ምሕረቱ ነው። ትራንስክሪፕቱ ላይ 2016 ዓ.ም. የሚል ካለ፣ እዚህ ያለው መዝጋቢ የሚያነበው ከብዙ ዓመት በፊት የተወሰደ ትምህርት አድርጎ ነው። ከጎኑ ከመስከረም 2023 እስከ ክረምት 2024 መሆኑን የሚያስረዳ ወረቀት አያይዙ፤ ቢቻል የቀድሞው ትምህርት ቤት ራሱ በማኅተም እንዲጽፍልዎ ከመምጣትዎ በፊት ይጠይቁ።

ሦስተኛው ውጤቱ ነው። ከመቶ 78 ማግኘት አሜሪካ ውስጥ ሲ ነው፤ መካከለኛ ተማሪ ማለት ነው። አገር ቤት ግን በ78 ከስልሳ ልጆች አራተኛ የሚወጣበት ትምህርት ቤት አለ። ስለዚህ ደረጃ የተጻፈበትን የየዓመቱን ካርድ ያምጡ፤ ደረጃውን በጣትዎ ያሳዩ። የውጭ አገር ኮርሶች በምን ስም እንደሚመዘገቡ፣ ስንት ክሬዲት እንደሚሰጣቸውና ውጤታቸው በጂፒኤው ውስጥ ይቆጠር እንደሆነም በዚያው ቀን ይጠይቁ። ልጁ የመጣው በዓመቱ አጋማሽ ከሆነ ለጨረሰው ግማሽ ዓመት ክሬዲት ማግኘት ይችል እንደሆነ ማንሳትዎን አይርሱ።

ሰዎች አብዝተው የሚሳሳቱት የመጨረሻውን ዓመት ካርድ ብቻ ይዘው በመሄድ ነው። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ያለውን ሁሉ ይዘው ይምጡ።

3. ከምደባ ፈተናው በፊት ሁለት ሳምንት ይሥሩ

ብዙ ትምህርት ቤቶች አዲስ ለመጣ ልጅ የሒሳብ ምደባ ፈተና ይሰጣሉ። ፈተናው ምን እንደሚመስል፣ በወረቀት ወይም በኮምፒውተር እንደሚሰጥ፣ ካልኩሌተር ይፈቀድ እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ። ልጁ ከአውሮፕላን በወረደ በሦስተኛው ቀን፣ እንቅልፉ ሳይስተካከል ባይፈተን ይመረጣል፤ ቀኑን ለሳምንት እንዲያዘገዩልዎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ከኢትዮጵያ የሚመጣ ልጅ የት እንደሚጠነክርና የት እንደሚሰናከል በአብዛኛው የታወቀ ነው። እኩሌታ መፍታት፣ ፋክተር ማውጣት፣ ክፍልፋዮችን ያለ ካልኩሌተር መሥራት ይችልበታል። የሚሰናከለው በእንግሊዝኛ በተተረከ ጥያቄ ላይ ነው። ለምሳሌ አንድ ጂም ለመመዝገቢያ 40 ዶላር፣ ከዚያ በየወሩ 25 ዶላር ያስከፍላል፤ ሌላው መመዝገቢያ ሳይጠይቅ በወር 33 ዶላር ያስከፍላል፤ ከስንት ወር በኋላ ክፍያቸው እኩል ይሆናል? እኩሌታው ተጽፎ ቢሰጠው መልሱ 5 ወር መሆኑን በግማሽ ደቂቃ ያገኘዋል። ጂም ምን እንደሆነና መመዝገቢያው አንድ ጊዜ ብቻ እንደሚከፈል ከገጹ ላይ ማንበብ ግን ሌላ ሥራ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ሳምንት በዚህ ዓይነት ጥያቄ ላይ ያውሉት። ካን አካዳሚ ላይ የአልጀብራ 1 ልምምድ በነፃ አለ። ልጁ ከመፍታቱ በፊት ጥያቄውን በአማርኛ እንዲተርክልዎ ያድርጉ፤ ሳይተርክ ወደ ቁጥሩ የሚሮጥ ከሆነ ችግሩ የት እንዳለ አገኙት ማለት ነው።

ኢንች፣ ፊት፣ ማይልና ፓውንድንም ያስተምሩት። የግራፍ ካልኩሌተር አይቶ ካላወቀ ዴስሞስ የተባለውን ነፃ ካልኩሌተር በስልኩ ላይ ከፍቶ መስመር ሲሥል ይዋል።

4. ምደባው ትክክል ካልመሰለዎ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይናገሩ

እዚህ ላይ ባህላችን ይጎዳናል። መምህር የወሰነውን መመለስ እንደ ድፍረት ይታየናልና ዝም እንላለን። በአሜሪካ ትምህርት ቤት የወላጅ ጥያቄ የሥራው አካል ነው። ያልጠየቀ ወላጅ “አክባሪ ነው” አይባልም፤ “ተስማምቷል” ተብሎ ይታለፋል።

ፕሮግራም መቀየሪያ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ትምህርት በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያልቃል። ቀኑን ይጠይቁና ከዚያ በፊት ለካውንስለሩ ኢሜይል ይጻፉ፤ በስልክ ብቻ አይወሰኑ፣ የተጻፈ ነገር ይቆያል። ደብዳቤው አጭር ይሁን፦ ልጄ ኢትዮጵያ ውስጥ ይህን ይህን ተምሯል፣ ማውጫውን አያይዣለሁ፤ አሁን የተመደበበት ኮርስ ይህ ነው፤ የሒሳብ ዲፓርትመንቱ ኃላፊ እንዲያነጋግረውና በድጋሚ እንዲፈትነው እጠይቃለሁ። ካውንስለሩ የሒሳብ ሰው ላይሆን ይችላል። የዲፓርትመንት ኃላፊው ግን ልጁን ሩብ ሰዓት ነጭ ሰሌዳ ፊት አቁሞ የሚያውቀውን ይለያል።

አንድ ነገር በግልጽ ይጠይቁ፦ “የተመደበው በሒሳብ ችሎታው ነው ወይስ በእንግሊዝኛው?” በእንግሊዝኛ ትምህርት ጀማሪ መሆኑ ሒሳቡን ለሁለት ዓመት ወደ ኋላ ለመመለስ ምክንያት መሆን የለበትም። ኢትዮጵያ ውስጥ ሃይስኩል የገባ ልጅ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳብን በእንግሊዝኛ ተምሯል፤ ስሎፕ፣ ፋክተር፣ ፈንክሽን የሚሉትን ቃላት ያውቃቸዋል። ይህን ካውንስለሩ ካልሰማ አይገምተውም፤ ይንገሩት።

ለስብሰባው አስተርጓሚ በነፃ ይጠይቁ። በሜሪላንድ የሞንትጎመሪ ካውንቲ እና በቨርጂኒያ የፌርፋክስ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ለወላጆች በአማርኛ አገልግሎት አላቸው። ልጅዎን አስተርጓሚ አያድርጉት። ስለ ራሱ ምደባ በሚደረግ ንግግር መሃል የተቀመጠ ልጅ ያፈረበትን ዘሎ ያልፋል፣ የፈራውን ያለሳልሳል።

ተቃራኒውም ይደርሳል። ከአቅሙ በላይ የተመደበ ልጅ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፈተናዎች ከወደቀ፣ በጊዜ አንድ ኮርስ መውረድ ዓመቱን ሙሉ ከመንገዳገድ ይሻለዋል። ቀኑ ካለፈ በኋላ መውጣት ግን ትራንስክሪፕት ላይ ምልክት ሊተው ይችላል።

5. እስከ አሥራ ሁለተኛ ያለውን በአንድ ወረቀት ይጻፉ

ለሚቀጥለው ዓመት ኮርስ የሚመረጠው በአብዛኛው ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነው፤ ልጁ ፎርሙን ራሱ ሞልቶ ሊመልስ ይችላል። ከዚያ በፊት አንድ ምሽት አብራችሁ ተቀመጡና የቀሩትን ዓመታት በወረቀት ላይ አስቀምጡ።

በመጀመሪያ መጨረሻውን እወቁ። የዲፕሎማ መስፈርትና የዩኒቨርሲቲ መስፈርት ይለያያሉ፤ ብዙ ቤተሰብ የሚታለለው እዚህ ነው። ካሊፎርኒያ ለሃይስኩል ዲፕሎማ በስቴት ደረጃ የምትጠይቀው የሁለት ዓመት ሒሳብ ሲሆን፣ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ግን ሦስት ዓመት ይጠይቃል፤ አራት ቢሆን ይመርጣል። በቨርጂኒያ ተራው ዲፕሎማ ሦስት የሒሳብ ክሬዲት ሲፈልግ አድቫንስድ የሚባለው አራት ይፈልጋል። ሜሪላንድ ደግሞ ተማሪው በየዓመቱ ሒሳብ እንዲወስድ ታዛለች። ኤምአይቲን የመሰሉ ተቋማት ካልኩለስ የደረሰ አመልካች ይጠብቃሉ። “ለመመረቅ ይበቃሃል” የሚል መልስ ሲሰጥዎ “የሚፈልገው ዩኒቨርሲቲ ለመግባትስ?” ብለው ያስከትሉ።

ዘጠነኛ ላይ አልጀብራ 1 የገባና ካልኩለስ የሚፈልግ ልጅ ካለዎ፣ የምመክርዎ አሥረኛ ላይ ጂኦሜትሪንና አልጀብራ 2ን በአንድ ዓመት ደርቦ እንዲወስድ ነው። አልጀብራ 2 በአብዛኛው የሚያርፈው በአልጀብራ 1 ላይ ስለሆነ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ። ሌላው መንገድ ጂኦሜትሪን በክረምት ትምህርት መጨረስ ነው። ይህን የምመርጠው በጣም ለሚተጋ ልጅ ብቻ ነው፤ የዓመት ትምህርት በጥቂት ሳምንት ሲታጨቅ ማረጋገጫ የመጻፍ ልምዱ ሳይበስል ያልፋል። አልጀብራ 1ን ግን በምንም መንገድ አያዝልሉት፣ አያጣድፉትም። የፕሪካልኩለስና የካልኩለስ ተማሪን ነጥብ የሚያስጥለው ብዙ ጊዜ አዲሱ ሐሳብ ሳይሆን አሉታዊ ቁጥር፣ ክፍልፋይና ፋክተር ነው። መሠረቱ ያልጠና ቤት ላይ ፎቅ አይጨመርም።

ልጅዎ ገና አምስተኛ ወይም ስድስተኛ ክፍል ከሆነ ምርጫው አሁን ነው። አልጀብራ 1ን በሰባተኛ ወይም በስምንተኛ መውሰድ የሚቻልባቸው ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው፤ የሚለየው ግን ከዚያ በፊት ባሉት ዓመታት በሚወስደው ሒሳብ ነው። እኔ ስምንተኛን እመርጣለሁ። ካልኩለስ ለመድረስ ይበቃል፣ ልጁም ይበስልበታል። የጎረቤት ልጅ በሰባተኛ ወሰደ ተብሎ የሚደረግ እሽቅድምድም አይጠቅምም። መካከለኛ ደረጃ ላይ የተወሰደው አልጀብራ 1 በብዙ ቦታ የሃይስኩል ትራንስክሪፕት ላይ ይገባል፤ ዝቅተኛ ውጤት ካመጣ በቨርጂኒያ ወላጅ ኮርሱ ከትራንስክሪፕቱ እንዲወጣ መጠየቅ ይችላል፤ ያኔ ግን ክሬዲቱም ይቀራል።

ልጅዎ የመጣው አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ ከሆነ ጊዜው አጭር ነው፤ ግን መንገድ አለ። አልጀብራ 2ና ፕሪካልኩለስን ይጨርስና ካልኩለስን ኮሌጅ ይጀምረው። ብዙ ሃይስኩሎች ከአካባቢው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ጋር፣ ለምሳሌ ከሞንትጎመሪ ኮሌጅ ወይም ከኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ጋር፣ ዱዋል ኢንሮልመንት አላቸው፤ ልጁ ሃይስኩል እያለ የኮሌጅ ሒሳብ ወስዶ ክሬዲት ይይዛል።

ሁሉም ልጅ ካልኩለስ ያስፈልገዋል ማለትም አይደለም። ነርሲንግ፣ የሕዝብ ጤና ወይም ማኅበራዊ ሳይንስ ለሚያስብ ልጅ ከአልጀብራ 2 በኋላ ኤፒ ስታቲስቲክስ (ኤፒ ማለት በኮሌጅ ደረጃ የሚሰጥ የሃይስኩል ኮርስ ነው) መውሰድ ጠንካራ ምርጫ ነው፤ የነርሲንግ ትምህርት ራሱ ስታቲስቲክስ በብዛት ይጠይቃል። የማልደግፈው አሥራ ሁለተኛን ያለ ሒሳብ ማሳለፍን ነው። አንድ ዓመት የረሳ ልጅ በኮሌጅ ምደባ ፈተና ሊወድቅና ለዲግሪው የማይቆጠር ማጠናከሪያ ሒሳብ ከኪሱ ከፍሎ ሊማር ይችላል።

6. ሒሳቡን ባያውቁትም በየሳምንቱ ይከታተሉ

የትምህርት ቤቱን የወላጅ ፖርታል፣ ፓረንትቪውም ይሁን ሌላ፣ ስልክዎ ላይ ያስገቡ። ጠቅላላ ውጤቱን ብቻ አይዩ፤ የቤት ሥራውንና የፈተናውን ለይተው ያነጻጽሩ። የቤት ሥራው 100፣ ፈተናው 55 ከሆነ ልጁ ከፎቶማዝ ወይም ከሌላ መልስ ሰጪ አፕ እየገለበጠ ሊሆን ይችላል። አይጩኹበት። ትናንት ካስረከበው አንዱን ጥያቄ ባዶ ወረቀት ላይ በድጋሚ እንዲሠራው ያድርጉና በአማርኛ ያስረዳዎ። እርስዎ ትክክል መሆኑን ማወቅ አይጠበቅብዎም፤ የት ላይ እንደተንተባተበ ማየት ይበቃል።

ፈተና የወደቀ ልጅ በብዙ ትምህርት ቤቶች ስህተቱን አርሞ በድጋሚ መፈተን ይፈቀድለታል፤ ግን የጊዜ ገደብ አለው፣ ልጁም ራሱ መጠየቅ አለበት። መምህራን በምሳ ሰዓት ወይም ከትምህርት በኋላ የሚረዱበት ሰዓት አላቸው። ማታ ታክሲ የሚነዱ ወይም ሆስፒታል የሚያድሩ ወላጆች ይህን ሰዓት አጥብቀው ይያዙት፤ ለግል አስጠኚ ገንዘብ ከማውጣት በፊት የሚሞከር ነው። ቲአይ 84 ካልኩሌተር ውድ ስለሆነ ከመግዛትዎ በፊት ትምህርት ቤቱ ያውስ እንደሆነ ይጠይቁ።

7. የመጨረሻዎቹን ዓመታት ፈተናዎች ከኮርሶቹ ጋር ያገናኙ

ለኮሌጅ ማመልከቻ የሚያገለግለው የኤስኤቲ ፈተና የሒሳብ ክፍል 44 ጥያቄ በ70 ደቂቃ ነው፤ ዴስሞስ ፈተናው ውስጥ ተሠርቶ ስለሚመጣ በሁሉም ጥያቄ ላይ ይፈቀዳል። ካልኩለስ የለበትም። አብዛኛው አልጀብራ ስለሆነ አሥራ አንደኛ ላይ አልጀብራ 2ን እየጨረሰ ያለ ልጅ ዝግጁ ነው። አልጀብራ 2 ሳይጀምር የሚፈተን ልጅ ግን ያላየውን ይጠየቃል።

የኤፒ ፈተናዎች በፈረንጅ ሜይ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይሰጣሉ፤ ምዝገባው ግን በትምህርት ዓመቱ መጀመሪያ ላይ፣ በአብዛኛው እስከ ኖቬምበር አጋማሽ ነው። ኮርሱን መውሰድ ለፈተናው መመዝገብ ማለት አይደለም። ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ ቤተሰቦች የክፍያ ቅናሽ አላቸው፤ ካውንስለሩን በመስከረም ይጠይቁ። ካልኩለስ ኤቢ የአንድ ሴሚስተር፣ ቢሲ የሁለት ሴሚስተር የኮሌጅ ካልኩለስ ያህል ነው። ውጤቱ ከ1 እስከ 5 ሲሆን፣ በስንት ነጥብ ክሬዲት እንደሚሰጥ እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ለራሱ ይወስናል። ልጁ ኮሌጅ ከተቀበለው በኋላ ውጤቱ ወደዚያ መላኩን ያረጋግጡ፤ ካልተላከ ያለፈውን ካልኩለስ እንደገና ከፍሎ ይማራል።